አንባቢ የሌለው የሕይወት ታሪክ

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። የምቀልድ አይምሰላችሁ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ የምሠራበት ቤት ባለፈው ሰኞ ተዘጋ። አሠሪዬ ኮምፒውተራቸውን ሸጠው፣ ዕቃቸውን ጭነው ወደ እህታቸው፣ ወደ አዲግራት ሄዱ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ሻንጣዬን እያዘጋጀሁ ነው። ሥራው ቀረ፣ ሠራተኛዋ ግን አለች፤ ለዚህ ከ"ጡረታ" ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ሥራዬ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነበር። ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ አንድ ዘመድ ወረቀት ይዞ "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ" ብሎ የሚያነበው ያ ጽሑፍ ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይጽፈዋል። በእኛ ሰፈር ያ ሰው አሠሪዬ አደይ ለተብርሃን (እማማ ለተብርሃን እንደማለት) ነበሩ፤ ኋላ ደግሞ አደይ ለተብርሃንና እኔ። ሲሄዱ "የሰው ሁሉ ጻፍሽ፣ እስቲ የራስሽን ሥራ ጻፊ" አሉኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ ስለ ሞት ሆኖም ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። አንድ ዓረፍተ ነገር እሺ ብሎ ሲመጣልኝ ማን አየኝ ብዬ ዙሪያዬን እቃኛለሁ።

የሥራ ቤታችን መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ደንበኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር። ታፔላው "ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን" ይላል እንጂ ስለ ሞት የሚል ነገር የለበትም። አደይ ለተብርሃን ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና የሠሩ ናቸው። የኮምፒውተሩንም ቁልፍ እንደዚያ መኪና በኃይል ስለሚመቱት ፊደሎቹ ተፍቀው አልቀው ነበር። እኔ በቃሌ ነበር የማውቃቸው።

አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ገበያው ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል። እናቴ የመቀሌ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ይቆጡናል። አደይ ለተብርሃን የትግርኛውን ይጽፋሉ፤ ግን ከደሴም ከአዲስ አበባም ለቀብር የሚመጣ አማች፣ ምራት፣ የሥራ ባልደረባ አለ፣ ለእሱ የአማርኛ ቅጂ ያስፈልጋል። አንድ ቀን የጓደኛዬን ደብተር ፎቶ ኮፒ ላደርግ ገብቼ ስክሪኑ ላይ ያለውን አማርኛ አነበብኩና "ይሄ ጆሮ አይገባም" አልኩ።

"አንቺስ እንዴት ትይው ነበር፣ ጓለይ?" አሉ አደይ ለተብርሃን፤ "ልጄ" ማለታቸው ነው።

ነገርኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ።

"ልጄ፣ ወላሂ፣ በሰው ለቅሶ ገንዘብ አትብይ" አለ አባቴ። አደይ ለተብርሃን ራሳቸው ገበያ ወርደው አነጋገሩት። ምን እንዳሉት እስካሁን አላውቅም፤ ማታ "በይ እሺ፤ ግን በደንብ ጻፊላቸው" ብቻ አለኝ። ክፍያው ለደብተርና ለባጃጅ ይበቃ ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ሥራው ግን ብዙ አለኝ። የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ ነው። አንባቢው የሚያለቅስ ሰው ነው፤ የሚያለቅስ ሰው ደግሞ ትንፋሹ አጭር ነው። ስለዚህ አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ማለቅ አለበት። ጽፈን ስንጨርስ አደይ ለተብርሃን በሩ ላይ ቆመው፣ ባጃጁም ገበያውም እየጮኸ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ቦታ ላይ አራት ነጥብ እንጨምራለን። ፊደሉ ትልቅ ይሆናል፣ እንባ ባዘለ ዓይን ስለሚነበብ። ስም በሁለት መስመር አይከፈልም። የልጆች ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይጠየቃል፤ ታናሽን ከታላቅ ያስቀደመ ጽሑፍ መቃብር አፋፍ ላይ ጠብ ያስነሳል፣ አይቻለሁ። ሁልጊዜ ትርፍ ቅጂ ይዘን እንሄዳለን፤ የመቀሌ ንፋስ ወረቀት ይወዳል። የሟቹ ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። "ስሙን መጀመሪያ ከጻፍሽ ሰውዬውን ያወቅሽው ይመስልሻል" ይላሉ።

ቤተሰብ ሲመጣ አደይ ለተብርሃን እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ከዚያ ሬዲዮኑን ያጠፋሉ። የትውልድ ዘመን አይጠይቁም፣ የትምህርት ደረጃ አይጠይቁም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ "ቤት ውስጥ የት ነበር የሚቀመጡት?"

አንድ ጊዜ እናታቸው የሞተችባቸው ወንድማማቾች መጡ። ትልቁ "የቤት እመቤት ነበረች። ብዙ የሚጻፍ ነገር የላትም፣ አጠር አድርጉት" አለ። እጅ ታጠቡ፣ ሬዲዮ ጠፋ፣ ጥያቄው መጣ። ልጆቹ ተያዩ።

"የበራችን ደረጃ ላይ" አለ ትንሹ።

"ለምን ደረጃው ላይ?"

"የጎረቤታችን ልጅ ጆሮው አይሰማም። መንገድ ላይ ሲጫወት መኪና ቢመጣ አያውቅም። እሷ እዚያ ተቀምጣ ታየዋለች።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪያድግ ነዋ።"

ትልቁ ወንድም "እኔ ፀሐይ የምትሞቅ ነበር የሚመስለኝ" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀብሩ ላይ ይህ ሲነበብ ከሕዝቡ መሃል አንድ ወጣት ምን እንደተባለ በምልክት ሲጠይቅ አየሁት። አጠገቡ የቆመ ሰው በእጁ ነገረው። ያን ቀን ነው ይህን ሥራ የወደድኩት።

ከደንበኞቻችን አንዷ ዩኒቨርሲቲው ዓዲ ሓቂ ግቢ የምትማር ፍረወይኒ የምትባል የሥነ ልቦና ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፏን እኛ ጋ ታስጽፍ ነበር፤ ርዕሱ የሕይወት ትርጉም ነው። ሰው ሥራው ሲያልቅ፣ የሚወደው ሲሞት፣ ጠዋት ተነሥቶ ጫማውን የሚያስርበት ምክንያት ከየት ያመጣል የሚል። እኔ እየጻፍኩ አነባለሁ፣ እያነበብኩ እጠይቃለሁ።

"ፍሬ፣ ሰው ትርጉም ሲያጣ ታዲያ ምን ይደረጋል?"

"እኔ እንጃ ዘሃራ፣ ገና ምዕራፍ ሦስት ላይ ነኝ።"

ምዕራፍ ሁለት ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበር። ባዶነት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ዕቃውን ለሰው ማደል ይጀምራል የሚል። እኔው ነኝ በጣቶቼ የጻፍኩት። ጣት ግን አይማርም።

አቦይ ሓጎስ የሚባሉ አባት የመጡት አደይ ለተብርሃን ሰርግ በሄዱበት ቅዳሜ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው "ደሓን ዲኹም" ብለው ደህንነታችንን ሲጠይቁ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው።

"የሕይወት ታሪክ የምትጽፉት እዚህ ነው?"

"አዎ አቦይ፣ እግዜር ያጥናዎት። ሟቹ ምንዎ ናቸው?"

"እኔ ነኝ።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"እርስዎ ደህና ነዎት እኮ።"

"ቀኑን ክፍት ተዪው፣ ሌሎች ይሞሉታል። ሁለት መስመር ይበቃል።"

ይቀመጡ ብላቸው እንደቆሙ ቀሩ። መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ዘመናቸውን ሙሉ በድምፅ ማጉያ "የአክሱም ተሳፋሪዎች! የማይጨው!" ሲሉ የኖሩ። ሚስታቸው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ሞተውባቸዋል። ልጅ የላቸውም። እኔም እንደ አለቃዬ እጄን ታጥቤ፣ ሬዲዮኑን አጥፍቼ ጠየቅሁ፦ "ቤት ውስጥ የት ነው የሚቀመጡት?"

"ወንበር ያለበት።"

"ወንበሩ የት ነው?"

"ሰጠሁት። ሬዲዮኑንም ሰጠሁት። ኮቴንም ለመናኸሪያው ተሸካሚ ሰጠሁት። ምን ያደርግልኛል?"

ይህን ሰምቼ ምን አደረግሁ? ተደሰትኩ! የቀብር ጽሑፍ የለመደ እጅ ሰው የነገረውን ሁሉ ወደ ምስጋና ይለውጣል፤ ሥራው እንዲያ ያስለምዳል። "ያላቸውን ሁሉ ለተቸገረ የሚያካፍሉ" ብዬ ጀመርኩ። "የሺዎችን መንገድ ያቀኑ፣ ድምፃቸው ከተራራ ተራራ የሚሰማ፣ አንድም ተሳፋሪ ያላስቀሩ" ብዬ ቀጠልኩ። ሁለት መስመር የተባልኩትን ሁለት ገጽ አደረስኩት። በዚያ ሰሞን ዓረፍተ ነገር እንደ ውሃ ይወርድልኝ ነበርና ራሴን ማቆም አልቻልኩም። ከዚያ ተነሥቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ አነበብኩላቸው።

እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ጥሩ ሰው ነበር" አሉ። "አላውቀውም።"

ሒሳቡን ከፈሉ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄዱ።

አደይ ለተብርሃን አመሻሽ ላይ የሰርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ ብቅ ሲሉ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ጽሑፉንም አሳየኋቸው። ሙገሳ እየጠበቅሁ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አነበቡና ቀና አሉ።

"ወንበሩን ሰጠ? ሬዲዮኑንም? ኮቱንም?"

"ለጋስ ናቸው እኮ።"

"ጓለይ፣ ይህ ሰው ለመሞት እየተዘጋጀ ነው። አንቺ ደግሞ አጨበጨብሽለት።"

ይህን እያሉ ቁልፉንና ሁለት ገጼን አንሥተው በሩን እየዘጉ ነበር። ወደ መናኸሪያ ሮጥን ማለት ይቻላል። የአቦይ ሓጎስን ቤት የሚያውቅ ስንጠይቅ አንድ አጭር ተሸካሚ ወደ እኛ መጣ፤ የለበሰው ኮት እጅጌ ጣቶቹን ውጧቸዋል።

"ኮቱን ልትወስዱብኝ ካልሆነ አሳያችኋለሁ" አለ።

በሩ ዝግ ነበር። ጎረቤቶቹ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጭስ አላየንም አሉ። አደይ ለተብርሃን በመዳፋቸው እየደጋገሙ መቱት። ብዙ ቆይቶ ተከፈተ። ቤቱ ውስጥ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የሚስታቸው ፎቶ፣ ሌላ ምንም የለም። ወንበሩ የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ነጣ ብሎ ይታይ ነበር።

"ለምን መጣችሁ?" አሉ አቦይ ሓጎስ።

"ጽሑፉ ስሕተት አለበት" አሉ አደይ ለተብርሃን።

"አውቃለሁ። ውሸት ነው" አሉ እኔን እያዩ።

"እሱ የልጅቱ ስሕተት ነው፤ ትማራለች። የእርስዎ ስሕተት ሌላ ነው። አንባቢ የለውም።"

"ቄሱ ያነቡታል።"

"ቄሱ ፍትሐት ነው የሚያደርሱት። የሕይወት ታሪክ አንባቢ የሚያመጣው ባለቤቱ ነው። የእርስዎ አንባቢ ማን ነው?"

ከበሩ ውጭ ተሸካሚው "እኔ ማንበብ ብችል ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"ማንም ያንብበው" አሉ አቦይ ሓጎስ።

"እኔ ለማንም አልጽፍም። የአንባቢውን ትንፋሽ ማወቅ አለብኝ። አንባቢ ይዘው እስኪመጡ ይህ ወረቀት አይወጣም።" ሁለት ገጼን ዓይኔ እያየ ቀደዱት። አላዘንኩም፤ ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም፣ የሰውዬውን ፊት ነበር የማየው።

አደይ ለተብርሃን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቀብር አለብኝ። ሟቹ አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት ያለቻቸው፤ እሷም ከለቅሶው ብዛት ድምፅዋ ተዘግቷል። አንባቢ አጥታ ተጨንቃለች። እርስዎ ደግሞ ድምፅ አለዎት።"

"እኔ የምጠራው አውቶቡስ ነው።"

"አውቶቡሱ ውስጥስ ሰው አልነበረም?"

"ሰውየውን አላውቀውም።"

"እሷም እርስዎን አታውቅዎትም። ግን ትጠብቃለች።"

አደይ ለተብርሃን የዓይን መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡላቸው፣ ከጎኑም የነገውን ጽሑፍ። ስንወጣ ለተሸካሚው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። እሱም ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ፤ እዚያው አደረ።

እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ቆምኩ። ሙስሊም ስለሆንኩ ሁልጊዜ ቦታዬ እዚያ ነው፤ ትርፉን ቅጂ ይዤ፣ ነጠላዬን ንፋስ እንዳይወስድብኝ ጨብጬ። ፍትሐቱ አለቀ። አቦይ ሓጎስ የሉም። አደይ ለተብርሃን በሕዝቡ መሃል አንገታቸውን አስግገው ወደ እኔ አዩ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፣ የሉም ለማለት። የሟቹ ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ነገር የለም። ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔ በልቤ ያቺን የምዕራፍ ሁለት መስመር እየደጋገምኩ ነበር።

ከኋላዬ ጭቅጭቅ ሰማሁ።

"እጅጌውን አትጎትተው!"

"ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የምዋስህ ብለዋል!"

"ብያለሁ፣ ብያለሁ! አሁን ልቀቀኝ!"

አቦይ ሓጎስ ናቸው፤ የራሳቸውን ኮት ተውሰው ለብሰዋል። ተሸካሚው ከኋላ ከኋላቸው ይሮጣል። በአጠገቤ ሲያልፉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ትርፉን ቅጂ ሰጠኋቸው።

የመጀመሪያውን ቃል በመናኸሪያ ድምፅ ነው የጠሩት። ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች በረሩ፤ አንድ ሕፃን ሳቀ። ቆም አሉ። መነጽሩን አስተካከሉ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ግን እኔ ያለሁበት ድረስ የሚደርስ። አራት ነጥብ ያደረግንበት ሁሉ ላይ ተነፈሱ። "መቀመጫቸው መስኮቱ ሥር ነበር፤ ልጃቸው ስትመጣ ቀድመው ለማየት" የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው ልጅቱን አዩ። ከዚያ ያንኑ መስመር እንደገና አነበቡት፤ ማንም ደግመው ያንብቡ ሳይላቸው።

ሲጨርሱ ልጅቱ ወደ እሳቸው መጥታ በሹክሹክታ "አባቴን የት ያውቁታል?" አለቻቸው።

"አሁን ነው ያወቅሁት" አሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለእኔ ለጸሐፊዋ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። አንድ ቀብር ሰው አያድንም። አቦይ ሓጎስ አንዳንድ ሳምንት ይጠፋሉ፣ ቤታቸው እንሄዳለን። አንዳንድ ቀን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ከጠዋት እስከ ማታ ቃል አይተነፍሱም። በአንድ ዝናባማ ቀን "ይሄ ሁሉ ለምን?" ብለው ጠየቁ፤ አደይ ለተብርሃን "የማክሰኞው ጽሑፍ ረዝሞብኛል፣ እስቲ ያንብቡልኝ" አሉ ብቻ። አቦይ ሓጎስ ተነሥተው አነበቡ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሰፈሩ አንባቢ ሆኑ። እኔንም ሥራ ሲቀል ድምፅ አወጣጥ ያሠለጥኑኝ ነበር። ሰው "ባለ ድምፁ ሰውዬ ይኖራሉ?" እያለ ይመጣ ጀመር። ኮቱ ግን አሁንም የተሸካሚው ነው፤ በየቀብሩ ይከራከሩበታል። ፍረወይኒ ስለ እሳቸው ልትጽፍ ፈቃድ ብትጠይቃቸው "እኔ የማንም ምዕራፍ አልሆንም" አሏት፤ ስቃ ተወችው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። ያን ቅዳሜ ለአቦይ ሓጎስ ትርጉም ሰፍቼ ልሰጣቸው ነበር የሞከርኩት፤ ልክ ተሸካሚው ላይ እንዳለው ኮት፣ እጅጌው የሌላ ሰው ነው። አደይ ለተብርሃን ምንም አልሰጧቸውም። የጎደለ ነገር አሳዩዋቸው፣ ቦታው ባዶ እንደሆነና እየተጠበቁ እንደሆነ። ይህን በደንብ ጽፌው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን በዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ሥራው የቀዘቀዘው ቀስ በቀስ ነው። አሁን ሰው ከስልኩ የተዘጋጀ ጽሑፍ ያወርድና ስም ይቀይራል። አንድ ቀብር ላይ መቀየሩን ረስተውት የሌላ ሟች ስም ሲነበብ ሰምተን ተያየን። የአደይ ለተብርሃን ዓይንም ደከመ። ባለፈው ሰኞ የጭነት መኪና መጣ። ጠረጴዛው ወጣ፣ ፎቶ ኮፒው ወጣ፣ ተሸካሚው ኮቱን አውልቆ ተሸከመ። አግዳሚው ላይ ሲደርስ አቦይ ሓጎስ ተቀምጠውበታል።

"ይነሡ አቦይ፣ ልንጭነው ነው።"

"አልነሣም። ይሄ ወደ እኔ ቤት ነው የሚሄደው።"

"ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"አንባቢ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የት ይቀመጥ?"

አደይ ለተብርሃን ወደ መኪናው ሊወጡ ሲሉ አቦይ ሓጎስ ጠሯቸው። "የእኔን ጽሑፍ አልጨረሳችሁልኝም።"

"ሕጉን ያውቃሉ። አንባቢ አምጥተዋል?"

አቦይ ሓጎስ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "እሷ።"

"እኔ?" አልኩ። "አቦይ፣ እኔ እኮ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አላልፍም።"

"ከበሩም ይሰማል። ከጉሮሮሽ ሳይሆን ከሆድሽ አውጪው እያልኩ ያሠለጠንኩሽ ለምን መሰለሽ?"

"ደግሞ እሄዳለሁ። ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው፣ ዓመታት ነው የሚፈጀው።"

አቦይ ሓጎስ አግዳሚው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው እግራቸውን ዘረጉ።

"ሂጂ፣ ተማሪና ተመለሽ" አሉኝ። "እኔ አልቸኩልም።"